ቆጠራው ቆሟል፦ ከአሰላ ላስ ቬጋስ ደርሶ መልስ

ከላስ ቬጋስ ከተመለስኩ ወር ሊሞላኝ ነው። አሰላ ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቁማር በላህ ወይስ ተበላህ?» ቁማር አልነካሁም። የሄድኩት እህቴን ልጠይቅ ነው፤ እግረ መንገዴን ደግሞ ለሠላሳ አራት ተማሪዎች የገባሁትን ቃል ልፈጽም። ወደዚያ አገር የመሄድ ሐሳቡም ዕድሉም ለሌላችሁ፣ ያየሁትን ከመነሻው በየቀኑ ላውጋችሁ።

ታናሽ እህቴ ሰናይት ዲቪ ደርሷት ከሄደች አሥራ ሁለት ዓመት ሆናት። ሥራዋ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ነው። ባለፈው ክረምት በስልክ ስታወራኝ «አሁን የያዝኳቸው ሰውዬ ሕንዳዊ ናቸው፤ ድሮ ሮኬት ነበር የሚሠሩት፤ ጨረቃ ድረስ ልከዋል» አለችኝ፣ ስለ ጎረቤት ቧንቧ ሠራተኛ የምታወራ ይመስል። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። የትምህርት ቤታችንን የሕዋ ክበብም የማስተባብረው እኔ ነኝ፤ የክበቡ ንብረት አንድ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ቴሌስኮፕና አንድ የፀሐይ ቤተሰብ ሥዕል ነው። ስልኩን ሳልዘጋ ሐሳቡ መጣልኝ። ሰውየው ከልጆቹ ጋር በቪዲዮ ቢነጋገሩስ?

ለልጆቹ ስነግራቸው እንደጠበቅኩት አልጮኹም። እውነታቸውን ነው። አምና አዲስ አበባ ወስጄ ትልቁን ቴሌስኮፕ አሳያችኋለሁ ብዬ አውቶቡሱ ቀረ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ እንግዳ ይመጣል ብዬ ቅዳሜያቸውን በር በሩን ሲያዩ ዋሉ፤ እንግዳውም ቀረ። ፈቲያ የምትባል ፊት ወንበር የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ይሄኛውም ይቀራል?» አለችኝ። «አይቀርም» አልኳት። ቪዛው የተሰጠኝ ቀን በመጀመሪያ ትዝ ያለችኝ እሷ ናት።

ሰኞ እና ማክሰኞ

ሰኞ ጠዋት ከአሰላ በሚኒባስ ተነሣሁ። ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሱ ይልቅ የሚከብደው ጭኮው ነበር። ለማያውቀው፣ ጭኮ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በንጥር ቅቤና በቅመም የሚታሽ የአርሲ ስንቅ ነው፤ ሳይበላሽ ወር ይቆያል። አውሮፕላን ላይ አጠገቤ የተቀመጠው የአዲስ አበባ ልጅ ከአሰላ ነኝ ስለው መጀመሪያ ያየው እግሬን ነው። ቀጥሎ ሆዴን አየና ስለ ሩጫ ሳይጠይቀኝ ቀረ።

ዋሽንግተን ላይ አንዲት የጉምሩክ ሠራተኛ ጭኮውን ከፍታ አሸተተች፣ በጓንቷ ነካ አደረገች፣ እኔን አየችኝ። «ገብስ ነው፤ የእናቶች ምግብ ነው» አልኳት በእንግሊዝኛ። «የእናቶች» ያልኩት ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ሳቀችና ዘጋችልኝ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ፍተሻ። ጫማ አውልቅ፣ ቀበቶ ፍታ፣ ሰዓት አውልቅ። ከኋላዬ ሰው ይገፋል፣ ከፊቴ «ቶሎ በል» ይባላል። ሱሪዬን በአንድ እጅ ይዤ ዕቃዬን በሌላው እየሰበሰብኩ ያገኘሁት ቦታ ሁሉ ከትቼ ሮጥኩ። ላስ ቬጋስ ደርሼ እጄን ሳይ ሰዓቴ የለም።

ዋጋ ያለው ሰዓት ሆኖ አይደለም። መጀመሪያ ያስመረቅኳቸው ተማሪዎች አዋጥተው የሰጡኝ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ከአሰላ ሰዓት ዝንፍ ብሎ አያውቅም፤ አሜሪካም ብሄድ እንደማላስተካክለው ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። በጣም አዘንኩ። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ከሻንጣችን በፊት የተቀበሉን የቁማር ማሽኖች ናቸው፤ ያን ሁሉ ብርሃንና ጩኸት እያለፍኩ የማስበው ስለ ሰዓቴ ብቻ ነበር።

ሰናይት አቅፋኝ አለቀሰች፣ ወዲያው ደግሞ አዘዘችኝ። «ጋሼ፣ ሲትቤልት እሰር፤ ቲኬት ይቆርጡብኛል።» ቤቷ ዊትኒ የሚባል ሰፈር ነው። ቤቶቹ ዝቅ ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ግቢው ሣር ሳይሆን ጠጠር ነው። አሰላ ላይ ጠጠር ያለበት ግቢ ሰው ገና ያልገባበት ቤት ነው፤ እዚያ ግን ጠጠሩን ሆን ብለው ገዝተው ያፈሱታል። ባሏ ግርማ ካዚኖ ውስጥ ካርታ አዳይ ነው፤ ሺፍቱ ሌሊት ስለሆነ ቀን ቀን መስኮቱን ሸፍኖ ይተኛል። «ሲም ካርድ ምን ይሠራልሃል፣ ቤት ዋይፋይ አለ» አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። ከቤት ስወጣ ስልኬ ድንጋይ ሆነ ማለት ነው፤ ይህን ያዙልኝ።

ረቡዕ

ግርማ እንቅልፉን ሠውቶ ትልቁን መንገድ አሳየኝ። ስለ ሕንፃዎቹ ብዙ አልጽፍም፤ በቴሌቪዥን አይታችኋቸዋል፣ በአካልም ያው ናቸው። የገረመኝ ሌላ ነው። እሱ በሚሠራበት አዳራሽ ዞሬ ዞሬ ሰዓት አጣሁ።

«ግርማ፣ ሰዓት የት ነው የሰቀሉት?»

«ጋሼ፣ ካዚኖ ውስጥ ሰዓት አይሰቀልም። ሰው ሰዓት ካየ ቤቱ ይሄዳል።»

እኛ ጋ መምህራን ክፍል ውስጥ ትልቅ ሰዓት ተሰቅሏል፤ ማንም አያየውም። ውጤቱ ያው ነው።

ማታ ከሰዓቴ ሐዘን የሚያጽናናኝ ነገር አገኘሁ። የቬጋስን ሰዓት ወደ አሰላ ለመቀየር ሰናይት በስልኳ ነው የምትፈልገው። እኔ ቁጭ ብዬ አሰላሁና አንድ ቀላል ሕግ አወጣሁ፤ እነሱ በሚሉት ላይ አራት መደመር። እነሱ ሰባት ሲሉ አሰላ አሥራ አንድ ነው፤ እነሱ ስምንት ሲሉ አሰላ አሥራ ሁለት ነው። ጠዋትና ማታው ይገለበጣል እንጂ ቁጥሩ አይሳሳትም። ለሰናይት ሦስት ጊዜ አስረዳኋት። «ጎበዝ ነህ ጋሼ» አለችኝ፣ ሳህን እያጠበች።

ሐሙስ

ወደ ዶክተር ራገቫን ቤት ሄድን። የሚኖሩት ከሜሪላንድ ፓርክዌይ ገባ ብሎ ባለ አፓርታማ ከልጃቸው ጋር ነው። ልጃቸው ሐኪም ናት፤ ስንገባ ወደ ሆስፒታል እየወጣች ስለነበር «ብዙ አታስወራቸው» ብላኝ ሮጠች። እሳቸው ቀጭን፣ ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው። ዳሌያቸውን ኦፕራሲዮን ስለሆኑ ባለ አራት እግር መደገፊያ ይዘው ነው የሚሄዱት። እኔን ለመቀበል ግን ተነሥተው ቆመው ጠበቁኝ።

«መምህር ነህ አሉኝ። አባቴም መምህር ነበር። ተቀመጥ፣ መጀመሪያ ብላ።»

የቀረበልን ኢድሊ የሚባል ነጭ ለስላሳ ቂጣ ነው። ከሩዝና ከምስር የሚሠራ ሲሆን ሊጡ እንደኛው አድሮ ነው በእንፋሎት የሚበስለው። ኮምጠጥ ያለውን ጣዕሙን አፌ ወዲያው አወቀው። እኔ ደግሞ ጭኮውን አወጣሁ። ቆርሰው ጎረሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እናቴ ለመጀመሪያ ሥራዬ ስሄድ የሰነቀችልኝ ነገር እንዲህ ነበር» አሉ። «ዱቄት፣ ቅቤ፣ ትንሽ ቅመም። እሷም አገር የሚያህል ቋጥራልኝ ነበር።»

በዚያው ጀመሩልኝ። ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ቤተ ሙከራ የተባለው ባሕር ዳርቻ ያለ የድሮ የዓሣ መረብ ማስቀመጫ መጋዘን ነው። ግድግዳው እስከመጨረሻው ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር። የሮኬቱን ነዳጅ የሚመዝኑት ከአንድ የወርቅ ሠሪ በተዋሱት ሚዛን ነው፤ ሰውየው ሠርግ ሲበዛበት ሚዛኑን መልሶ ይወስድባቸዋል፣ ሥራ ይቆማል። ስድስት ወር ደክመው የሚያስወነጭፉት ትንሽ ሮኬት የላይኛውን ነፋስ ለክቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ባሕር ይገባል። «ለእነዚያ ደቂቃዎች ነበር የምንኖረው» አሉኝ እየሳቁ። የተሰነጠቀውን ቴሌስኮፓችንን ለማንም ስናገር አፍር ነበር፤ ለእሳቸው ሳላፍር ነገርኳቸው።

ማታ የሰማሁትን ሁሉ በድምፅ ቀድቼ በቴሌግራም ለክበቡ ላክሁ። ከሠላሳ አራቱ ያዳመጡት ዘጠኝ ናቸው።

ዓርብ

ዓርብ የነገሩኝን ግን ከዚያ ጉዞ ሁሉ ቢረሳኝ አልረሳውም።

መጀመሪያ ሳተላይት ሊያመጥቁ በሞከሩበት ቀን ራገቫን የሃያ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነበሩ። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ሥራቸው አንድ መለኪያ ማየት ብቻ ነው። ቆጠራው ወደ ኋላ እየሄደ ሊያልቅ ሲል መርፌው ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ዝቅ አለ። አፋቸውን ሊከፍቱ ፈለጉ። ከኋላቸው ሚኒስትሮች ቆመዋል፣ አለቆች ቆመዋል። «ምናልባት ዓይኔ ነው አልኩ» አሉኝ። ሮኬቱ ተነሣ። ብዙም ሳይቆይ ተንጋደደና ባሕር ገባ። የስምንት ዓመት ሥራ ነበር።

«ሌሊቱን አለቀስኩ። ጠዋት ምርመራ ላይ ቆሜ ‹እኔ ነኝ፣ አይቼ ነበር› አልኩ። አለቃችን ‹ማን የሚል ጥያቄ አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት ምን ሆነ ብዬ ነው› አለኝ። ቀጥሎ ‹አቁሙ ማለት ይህን ያህል የከበደው ምን ሆኖ ነው?› አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለሁሉም።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ሁለት ልማድ ወጣ። አንደኛው፣ በምርመራ ላይ «ማን» የሚባል ቃል ቀረ፤ «ምን» ብቻ። ሁለተኛው፣ ማናቸውም ሮኬት ከመነሣቱ በፊት ባለው ቀን ልምምድ ይደረጋል፤ በክፍሉ ውስጥ ካሉት ሁሉ በዕድሜ ታናሹ ወይም ታናሿ ተነሥታ በሙሉ ድምፅ «ቆጠራው ቆሟል!» ትላለች። አለቆች ሁሉ እጃቸውን ከማሽኑ ያነሣሉ። ምንም ችግር ሳይኖር ነው፤ አፏ እንዲለምደው ብቻ። ቆጠራው ከቆመ ደግሞ ችግሩ እስኪታወቅ ማንም ከወንበሩ አይነሣም፤ ውኃ ለመጠጣትም ቢሆን።

«ይህ ልማድ የጠቀመበት ጊዜ አለ?» አልኳቸው።

«ነገ ና፤ ጨረቃን እነግርሃለሁ።»

በዚያ ማታም ድምፄን ላክሁ። በማግስቱ ሳይ ሠላሳ አራቱም አዳምጠውታል።

ቅዳሜ

የጨረቃው ጊዜ ራገቫን እራሳቸው አለቃ ነበሩ፣ ጢማቸው መንጣት ጀምሯል። ቆጠራው ደቂቃዎች ሲቀሩት አንዲት ሥራ ከጀመረች ዓመት ያልሞላት ልጅ ተነሥታ ጮኸች፤ ቆመ። ሰው ሁሉ ወንበሩ ላይ ደርቆ ተቀመጠ። ሲፈተሽ አንድ ቱቦ ነዳጅ ያፈሳል። ለሌላ ቀን ተላለፈ፣ ጋዜጣው ሰደባቸው። ከሳምንት በኋላ ሄደ፣ መንኮራኩሯም ጨረቃ ደረሰች። «ለልጅቷ አንድ ሣጥን ጣፋጭ ገዛሁላት። አሁን እሷ አለቃ ናት» አሉኝ። ይህን ሲናገሩ ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ ስለ ጨረቃዋ ሲናገሩ ካየሁት ይበልጣል።

ከዚያ ለእሑድ ተዘጋጀን። በእነሱ ሰባት ሰዓት ጠዋት፣ በአሰላ አሥራ አንድ ሰዓት ከሰዓት በኋላ። የእንግሊዝኛ መምህራችን ቶሎሳ ላፕቶፑን ይዞ ልጆቹን ይሰበስባል። ዘበኛው ጋሽ ገመቹ በሩን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ አንድ ሰዓት ይበቃናል። ዶክተሩ ከሰናይት «እንደምን ዋላችሁ» ማለትን ሲለማመዱ ዋሉ። ለጨረቃ የተጨነቁትን ያህል ሳይጨነቁለት አልቀሩም።

እሑድ

ጠዋቱ ብርድ ነበር። ላስ ቬጋስ ይበርዳል ያለኝ አልነበረም። ከመጣሁ ጀምሮ ያልነካሁትን ጃኬቴን ለበስኩና በእነሱ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ወጣን። ግርማ ገና ከሥራ ገብቶ ተኝቷል። «ከዚያ ቅዳሴ እንደርሳለን» አለች ሰናይት፤ ነጠላዋን ከኋላ ወንበር ላይ አጣጥፋ አስቀምጣለች። መንገድ ላይ ነዳጅ ቀዳን። ዶክተሩ ሸሚዝና ክራቫት አድርገው ጠበቁን። ፀጉራቸውን ሰናይት አበጠረችላቸው። ኮምፒውተሩ ተከፈተ። ለሰባት አምስት ደቂቃ ጉዳይ።

መነጽሬን ፍለጋ የጃኬቱ የውስጥ ኪስ እጄን ስከት ብረት ነካሁ። ሰዓቴ!

ከደስታዬ ብዛት ጮኽኩ። ዋሽንግተን ላይ በዚያ ጥድፊያ እዚያ ከትቼው ነበር ለካ። ለሁለቱም አሳየኋቸው፣ ሳምኩት። ከዚያ አየሁት። ለአሥራ ሁለት አምስት ደቂቃ ጉዳይ ይላል።

«አይ፣ ተበላሽቷል» አልኩ። «አንድ ሰዓት ይቀድማል።»

ሰናይት ሰዓቱን አየች፣ ስልኳን አየች፣ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ ጋሼ! ዛሬ ሰዓት ተቀይሯል!»

«ሰዓት ይቀየራል እንዴ?»

ለካ በዚያ አገር በመኸር አንድ ሌሊት የሁሉም ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ስልኩ ራሱ ስለሚቀይረው ሰናይት ልብ አትለውም። አራት ሳይሆን አምስት መደመር ነበረብኝ። ልጆቹ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲሰበሰቡ እኔ ነዳጅ ማደያ ቆሜ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብቀዋል። ቶሎሳ ቢደውልልኝም ስልኬ ከቤት ስወጣ የሞተ ነው። በሩ ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ቀርቷል። አውቶቡሱ፣ እንግዳው፣ አሁን ደግሞ ይሄ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ማወቅ ነበረብኝ» አለች ሰናይት።

«የኔ ነው እንጂ! ሕግ አወጣሁ ብዬ ስንቴ ኮራሁ!»

«እኔም ስምንት ዓመት እዚህ ኖሬ በየዓመቱ ያታልለኛል» አሉ ዶክተሩ። «በእኔም አገር ሰዓት ባለበት ነው የሚኖረው።» ከዚያ እጃቸውን አነሡ። «ግን ማን የሚለውን ተዉት። ምን ሆነ?»

«አንድ ሰዓት ዘገየን» አልኩ።

«እንግዲያው ደውል።»

ደወልኩ። አልተነሣም። ድጋሚ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። ሦስተኛው ላይ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ከዚያ የቶሎሳ ግንባር ብቻ ታየ።

«መምህር! ደረስክ?»

«ልጆቹስ?» አልኩ።

ላፕቶፑን አዞረው። ክፍሉ መብራት የለውም፣ መስኮቱ ላይ የመጨረሻው ብርሃን ነው ያለው። ቆጠርኳቸው፤ መምህር ነኝና ዓይኔ ሳላዘው ይቆጥራል። ሠላሳ አራት። ሁሉም በየወንበራቸው፣ እጃቸውን ዴስኩ ላይ አድርገው። የመጨረሻው ወንበር ላይ ጋሽ ገመቹ ቁልፋቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

ዶክተሩ ወደ ካሜራው ጠጋ ብለው የተለማመዱትን በጥንቃቄ ተናገሩ። «እንደምን ዋላችሁ።» እዚያ መሽቷል፤ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፣ ከዚያ በአንድ ድምፅ መለሱላቸው።

ቶሎሳ የሆነውን ለዶክተሩ በእንግሊዝኛ ነገራቸው። አሥራ አንድ ከሩብ ሲሆን ልጆቹ ቦርሳቸውን ማንሣት ጀመሩ። ግማሾቹ በሩ ጋ ደርሰዋል። እሱም ሂዱ ሊላቸው ነበር። ያኔ ከፊት ወንበር አንዲት ልጅ ተነሥታ ጮኸች፤ «ቆጠራው ቆሟል!» ሁሉም ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ውኃ ለመጠጣት እንኳን የወጣ የለም። ጋሽ ገመቹ ሊዘጉ ሲመጡም «ቆጠራው ቆሟል፣ ይቀመጡ» ብለዋቸው ተቀምጠዋል።

ዶክተር ራገቫን መነጽራቸውን አወለቁ፣ በክራቫታቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

«ማን ናት?» አሉ።

ሰናይት ዞር ብላ አየችኝ። አርባ ዓመት ያልጠየቁትን ጥያቄ ነው የጠየቁት።

ፈቲያ ቀስ ብላ ተነሣች። እኔ ዓይኔ እንባ ሞልቶ በደንብ አላየኋትም፤ የምታየው ግን እሳቸውን ሳይሆን እኔን ነበር። የክረምቱን ጥያቄዋን ሁለታችንም አስታውሰናል። ይሄኛው አልቀረም።

«የኔ ልጅ» አሉ ዶክተሩ፣ እኔም ተረጎምኩላት፣ «በእኛ ክፍል ቆጠራን የሚያስቀጥለው ያቆመው ሰው ነው። እስክታስጀምሪው እንጠብቃለን።»

ፈቲያ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከአሥር ጀምራ ወደ ኋላ ቆጠረች። ሦስት ላይ ሌሎቹም ተቀበሏት። ዜሮ ስትል በዚያ በጨለመው ክፍል ሠላሳ አራት እጅ በአንድ ጊዜ ለጥያቄ ተነሣ።